የውስጥ አርበኛዋ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ



ባለፈው ዓመት የሚያዝያ 27 በዓል ሲቃረብ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለ አርበኞች አጭር ትርኢት ለማዘጋጀት ተሰብስበን ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ የአርበኛ ትርኢት ማዘጋጀት የሚያስቸግር አይደለም። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አሉ፥ ነጋሽ በዛብህ አሉ፥ ኃይሉ በለው አሉ፥ መንገሻ ጀምበሬ አሉ። ሥራውን ስንከፋፈል ወንዶቹ ሁሉ አንዱ አርበኛ አንዱ ጣሊያን እየሆነ አለቀ። ለእኅቶቻችን የቀረላቸው ስንቅ ማቀበልና በመጨረሻ ድል ሲሆን እልል ማለት ብቻ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ተነሥታ፥ ለመሆኑ በዚያ በአምስቱ ዓመት ሴቶች እልል ከማለት በቀር የሠሩት የለም ወይ ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን። ትርኢቱም እንደ ታቀደው ተሠራ፥ እልልታውም ደመቀ፥ እኅታችን ግን ለብዙ ሳምንት እንደ ተቀየመችን ቆየች። እውነቷን ነበር።

ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

መልሱን ፍለጋ መጻሕፍት አገላበጥን፥ አረጋውያንንም ጠየቅን። ጠመንጃ አንሥተው የተዋጉትን ሴቶች ስም ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ በዱር በገደል ጦር እየመሩ ተዋግተዋል። ወይዘሮ ልኬለሽ በያን ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ዘምተዋል። እነዚህን ታሪክ አልረሳቸውም። ጠመንጃ ሳያነሡ፥ በጠላት ከተማ ተቀምጠው ወሬ እየሰበሰቡ፥ ጥይት እየደበቁ፥ መልእክት እያደረሱ የሠሩት ግን እጅግ ብዙ ሆነው ሳለ ስማቸው የሚገኘው የጥቂቶቹ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ከሁሉ የሚታወቁት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ወይዘሮ ሸዋረገድ የሸዋ ሰው ናቸው፥ ለምን የጎጃም ሰው አንጽፍም ብለው አጉረምርመዋል። እኛም ፈልገን ነበር። በየቤቱ ያየነው ነገር ቢኖር ቅድመ አያቴ በአገልግል እንጀራ ሥር ጥይት ታሳልፍ ነበር፥ የአያቴ እናት ለአርበኛ ወሬ ታቀብል ነበር የሚል ትዝታ ነው። ስም አለ፥ ቀን የለም፤ ሥራ አለ፥ የጻፈው የለም። ስለዚህ ታሪካቸው የታወቀውን የአንዲቱን ሕይወት መጻፍ፥ ያልታወቁትን ደግሞ በእርሳቸው በኩል ማየት የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ጦርነት ሲጀምር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተመሠረተ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር፤ ማኅበሩ የቆመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱም፥ ፋሻውም፥ ሐኪሙም ከሰማይ በታች ጥቂት ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ሀብት የነበራቸው፥ ቤታቸው የሞላ እመቤት ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ንብረታቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለቀይ መስቀል ሰጡ። ይህን ነገር ብዙዎች በአንድ መስመር ጠቅሰው ያልፉታል። እኛ ግን ትንሽ ልንቆምበት ወደድን። ሀብታም ሰው በክፉ ቀን የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ያለውን ይቀብራል፥ ወይም ይዞ ይሸሻል። እርሳቸው በክፉው ቀን ዋዜማ እጃቸውን ባዶ አደረጉ። በኋላ በእስር ቤት የታየው ጽናት የተጀመረው እዚህ ይመስለናል፤ የሚያጡት ነገር አስቀድሞ ስለ ተሰጠ ጠላት የሚያስፈራራበት አንድ ነገር ጎደለበት።

ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 27፥ ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። ደብረ ማርቆስም በዚያው ግንቦት ወር በጠላት እጅ ገባች። የወይዘሮ ሸዋረገድን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚናገሩት የጣሊያን ባንዲራ ሲሰቀል ባዩ ጊዜ በሰው ፊት አለቀሱ፥ ስለዚህም ልቅሶ ተይዘው ታሰሩ። እንግዲህ ለሥውር ሥራ ይህ መልካም አጀማመር አይደለም። ሰላይ የሚሆን ሰው ፊቱን ደብቆ፥ ከጠላት ጋር ስቆ፥ ልቡን ሸሽጎ መጀመር ነበረበት። እርሳቸው ግን ጠላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቃቸው ሴት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ የሠሩት እየተጠረጠሩ ነው።

የውስጥ አርበኛ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማናውቀው ለእኛ ትውልድ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ጣሊያን አገሩን ያዘ ሲባል ከተማውን፥ ዋና ዋናውን መንገድና ምሽጉን ያዘ ማለት ነው። ገጠሩ፥ ቆላውና ጫካው አብዛኛውን ጊዜ የአርበኛ ነበር። ነገር ግን ጫካ ያለው አርበኛ ብዙ ነገር ይጎድለዋል። ጨው የለውም፥ ልብስ የለውም፥ ለቁስሉ መድኃኒት የለውም። ጥይትም ቢሆን ጥይት ስለ ተገኘ ብቻ አይሆንም። አንዱ የያዘው ውጅግራ ነው፥ ሌላው ምንሽር፥ ሌላው አልቢን፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይጎርስም። ስለዚህ ከከተማ ጥይት የሚልክ ሰው የትኛው አለቃ ዘንድ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንዳለ ማወቅ አለበት። ከሁሉም በላይ አርበኛው የሚቸግረው ወሬ ነው። የጠላት መኪና በየትኛው ቀን በየትኛው መንገድ ያልፋል? በምሽጉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ባንዳ ሆኖ የሚመራው ማን ነው? ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከተማ ውስጥ ነው። በጠላት ከተማ እየኖረ፥ የጠላትን ሰላምታ እየመለሰ፥ ልቡና እጁ ግን ከጫካው ጋር የሆነ ሰው የውስጥ አርበኛ ተባለ።

የውስጥ አርበኛ ሁለት ሞት ነበረበት። ጠላት ቢያገኘው ይሰቅለዋል፤ ያ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የገዛ ወገኑ ከጣሊያን ጋር ሲነጋገር አይቶ ባንዳ ይለዋል። ይህን ሐሜት ለመከላከል አፍ መክፈት ደግሞ ሥራውን ሁሉ ማፍረስ ነው። የዱሩ አርበኛ ቢሞት ዘመዶቹ ሙሾ ያወርዱለታል፥ ይፎከርለታል። የውስጥ አርበኛዋ ተሰድባ ልትሞት ትችላለች።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ከእስር እንደ ወጡ የዚህ ሥራ ዋና አንቀሳቃሽ ሆኑ። ገንዘብ ይሰበስባሉ፥ ጥይትና መሣሪያ፥ ልብስና መድኃኒት እያስገዙ በታመኑ ሰዎች እጅ በሸዋ ዱር ላሉት አርበኞች ይልካሉ፤ ስለ ጠላት እንቅስቃሴ የሰሙትን ያቀብላሉ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ የፍርሃት ከተማ ነበረች። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሽነዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ለሦስት ቀን በተደረገው ጭፍጨፋ የሞተው ሰው በኢትዮጵያ መንግሥት ግምት 30 ሺህ ነው፤ በቅርብ ጊዜ ጉዳዩን በሰፊው የመረመሩት ኢያን ካምቤል ቁጥሩን ወደ 19 ሺህ ያደርሱታል። ግንቦት 13 ቀን በዚያው ዓመት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ታረዱ። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ጫካ መላክ ቀርቶ ለጎረቤት ሰላምታ መስጠትም የሚያጠራጥር ነበር።

ለምን ሴቶች ብለን ራሳችንን ጠይቀናል። ጠላት የሚፈራው ጠመንጃ የያዘን ሰው ነው፤ ጠመንጃ የሚይዝ ደግሞ ወንድ ነው ብሎ ያምናል። በየኬላው የሚፈተሸው ወንዱ ነው። ሴት ግን ገበያ ትሄዳለች፥ ወፍጮ ትሄዳለች፥ ለቅሶ ትደርሳለች፥ የታመመ ትጠይቃለች፥ ማኅበር ትጠጣለች። ማሰሮ ብትሸከም፥ ቅርጫት ብታዝል፥ ከሩቅ መንደር ብትመጣ ማንም ከየት መጣሽ አይላትም። በጠጅ ቤትና በጠላ ቤት የሚያሳልፈው የጣሊያን ወታደር ሲሰክር የሚያወራውን የምትሰማው ቀጂዋ ናት። የጣሊያን መኮንኖች ቤት የሚያጸዱትና ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ማን መጣ፥ ማን ሄደ የሚለውን ያውቃሉ። የቅኔ ልጆች በዚህ ሳይደነቁ አይቀሩም፤ ላዩ ሰም ሥሩ ወርቅ ነው፥ ላዩ በርበሬ ሥሩ ጥይት። ጎጃም ይህን ለማስተዋል ዋሸራ መውረድ አያስፈልገውም።

ጠላት ወሬ እንደሚገድለው አላጣውም። ግራዚያኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ከአገር አገር የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ምክንያቱ የጣሊያን መንግሥት ሊጠፋ ነው እያሉ ወሬ ያዛምታሉ የሚል ነበር። አስቡት እንግዲህ። መሰንቆ የያዘውን ይገድላል፥ በአጠገቡ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ የምትሄደው ሴት መልእክቱን ይዛ ታልፋለች። ሴቶቹ አልተነኩም ማለታችን አይደለም፤ የተገደሉትና የታሰሩት ብዙ ናቸው። ንቀቱ ግን ለጊዜው ጋሻ ሆነ።

በነገራችን ላይ ይህ በአምስቱ ዓመት የተጀመረ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በልጅነታቸው እዚሁ ጎጃም፥ ደብረ መዊዕ ተምረዋል። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ በመሸገበት ጊዜ ምሽጉን በጉልበት ለመስበር ብዙ ሰው አለቀ። የምሽጉ ውሃ ከቅጥሩ ውጭ መሆኑ ሲታወቅ ውሃው ይያዝ ብለው የመከሩት እቴጌይቱ ናቸው። ሁለት ሳምንት ያህል በጥም ከቆየ በኋላ ጠላት ምሽጉን ለቀቀ። መድፍ ያልሠራውን አንዲት ትክክለኛ ወሬ ሠራችው።

እዚህ ላይ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ሳንጽፈው ማለፍ አልፈለግንም። ስለላ ማታለል ነው፥ ማታለል ደግሞ ኃጢአት ነው፥ እንዴት በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ይመሰገናል ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ የኢያሪኮዋን ረዓብን አነሡ። ረዓብ የኢያሱን ሁለት ሰላዮች በቤቷ ጣራ ላይ በተልባ እግር ውስጥ ሸሸገች፥ የንጉሡን መልክተኞች በሌላ መንገድ ላከች፥ በመስኮቷም ቀይ ፈትል አሰረች። ይህች ሴት ማቴዎስ በጻፈው የጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስሟ ይገኛል። የተልባውን ነገር ስናነብ ሁላችንም ፈገግ አልን፤ ጣራ ላይ ባይሆንም በየአውድማችን የምናውቀው ነው። ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ መምህራችንም ለሌላ እሑድ አቆይተውታል።

ወደ ወይዘሮ ሸዋረገድ እንመለስ። የጣሊያን ሰላዮችም ሥራ አልፈቱም። ወይዘሮ ሸዋረገድ እንደገና ተያዙ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ስለ ባንዲራና ስለ ልቅሶ አልነበረም። ጠላት የፈለገው ስም ነው፤ ገንዘብ ያዋጣው ማን ነው፥ ጥይቱን የሸጠው ማን ነው፥ የወሰደው ማን ነው፥ የተቀበለው የትኛው አርበኛ ነው። አልናገር ባሉ ጊዜ በኤሌክትሪክ አሠቃዩአቸው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የኤሌክትሪክ መብራት እንኳ አይቶ አያውቅም ነበር። እርሳቸው ያን ኃይል በገላቸው አወቁት።

አንድም ስም አልተናገሩም።

ይህን ስንጽፍ ለምን አንድ ስም ብቻ እንኳ አልሰጡም ብለን ተነጋግረናል። የአንድ ሰው ስም ቢሰጡ ሥቃዩ ለአንድ ቀን ይቆም ነበር። ነገር ግን የውስጥ አርበኞች አሠራር እንደ ሰንሰለት ነው። ጥይቱን የሸጠው ቢያዝ ያገናኘውን ይናገራል፤ ያገናኘው ቢያዝ መልእክተኛዋን ይናገራል፤ መልእክተኛዋ ብትያዝ መንገዱ ይታወቃል፥ በመንገዱ ሄዶ ጠላት ጫካው ይደርሳል። በአንዲት ሴት ዝምታ ውስጥ የስንት ቤት ልጅና አባት ተጠልሎ እንደ ነበር ለመቁጠር አይቻልም። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ዝምታ ነው ዛሬ እኛን ያስቸገረን። የረዷቸውን ሴቶች ስም ለጠላት አልሰጡም፤ በወረቀት ያልሰፈረ ስም ለእኛም አልደረሰም።

ሊያናግሯቸው ስላልቻሉ ከአገር አስወጥተው አዚናራ ወደምትባል ደሴት ላኩአቸው። አዚናራ ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለች ደሴት ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1885 ጀምሮ ወህኒ ቤትና የተላላፊ በሽታ መለያ ጣቢያ ሆና የኖረች፥ ዙሪያዋ ባሕር፥ ነፋስ የሚበዛባት ቦታ ናት። ጣሊያን በእነዚያ ዓመታት 400 ያህል ኢትዮጵያውያንን አግዞ በልዩ ልዩ ቦታ አስሮ ነበር። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። በአዚናራ የነበሩት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ታስረው ቆይተው በኋላ ቱሪን ላይ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አርፈዋል። ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆኑትና በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የአዚናራ እስረኛ ነበሩ። የደጋ ሰው በባሕር መካከል ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው እኛ ጣናን እንኳ አልፎ አልፎ የምናይ የጮቄ ሥር ልጆች ልንገምት እንሞክራለን፥ አይሆንልንም።

በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒ ተነሥቶ የአዎስታው መስፍን ከተተካ በኋላ ጣሊያን አካሄዱን ለወጥ አደረገ፤ በጭካኔ ያልሆነለትን በማባበል ሊሞክር ከተጋዙት ብዙዎቹን ወደ አገራቸው መለሰ። ሐሳቡ የተመለሰው ሰው አመስግኖ ቤቱ ይቀመጣል የሚል ነው። ብዙዎችም ተቀመጡ፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም፥ ያዩትን አይተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ግን ከአዚናራ ተመልሰው ያቋረጡትን ሥራ ቀጠሉ።

በዚህ ጊዜ የሠሩት ሥራ ከቀድሞው የሚበልጥ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አዲስ ዓለም ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ እንጨት ባለቀ ጊዜ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ቤተ መንግሥት ያሠሩባት፥ ኋላም ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲያድናት ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነባት ቦታ ናት። ጣሊያን እዚያ ምሽግና የመሣሪያ መጋዘን ነበረው። ምሽግ በጀግንነት ብቻ አይሰበርም። ስንት ዘበኛ እንዳለ፥ መሣሪያው በየትኛው ቤት እንደ ተከማቸ፥ የትኛው ሰዓት እንደሚላላ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚመሰክሩት ያን ምሽግ ለመምታት ነገሩን ካቀዱትና ካቀናጁት አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ነበሩ። አርበኞች ምሽጉን መቱት፥ መሣሪያውንም ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ተያዙ። በጠላት ዘንድ የሚታወቁ፥ ሁለት ጊዜ የታሰሩ፥ አንድ ጊዜ የተጋዙ ሴት ነበሩና ይህን ሳይጠብቁ የገቡበት አይመስለንም። ነፃነት እስኪመጣ ድረስ በእስር ቤት ቆዩ።

ነፃነቱ በእኛ በር በኩል ነው የመጣው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋር መላላክ ጀመሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ፥ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የዊንጌት ጦር ቁጥሩ ጥቂት ነበር፤ ጠላት ግን እጅግ ብዙ መስሎት ሸሸ። ይህም የወሬ ሥራ ነው። ያን ወሬ በየገበያው ያዛመተው፥ የጠላትን ነገር ወደ ጫካ ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ስንጠይቅ ያው በየቤቱ ወዳሉት ቅድመ አያቶቻችን እንመለሳለን። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ልክ አምስት ዓመት ሞልቶ ነበር።

ከነፃነት በኋላ አንድ ሌላ ችግር መጣ። የውስጥ አርበኛ ነበርሁ የሚል ሰው በዛ። ከባንዳነት በቀር ያልሠራው ሰው ሳይቀር ከውስጥ ሆኜ ረድቻለሁ አለ፤ የዱር አርበኞችም በዚህ ተቆጡ። በሥውር የተሠራ ሥራ ደረሰኝ የለውምና እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ግርግር የተጎዱት እውነተኞቹ፥ ከእውነተኞቹም ይልቅ ሴቶቹ ናቸው። ወንዱ ምስክር ይዞ ሹመትም ርስትም ጠየቀ። ጥይት በማሰሮ ያሳለፈችው ሴት ለማን አቤት ትላለች? ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች።

ይህ በእኛ አገር ብቻ አልሆነም። በአሜሪካ ጥቁሮች ባሪያ በነበሩበት ዘመን ሐሪየት ተብማን የምትባል ከባርነት ያመለጠች ሴት ነበረች። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ለሰሜኑ ጦር ስትሰልል ቆይታ በአውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 1863 የሰበሰበችውን ወሬ ይዛ ጦሩን በወንዝ መርታ ከ700 በላይ ባሮችን ነፃ አወጣች። ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ ይሰጠኝ ብላ ከ30 ዓመት በላይ ለፋች። በመጨረሻ በ1899 በወር 20 ዶላር ተፈቀደላት፤ እርሱም ለሟች ባሏና ለአስታማሚነቷ ነው እንጂ ለስለላ ሥራዋ አይደለም። አስታማሚ ሴት መዝገብ ውስጥ ቦታ ነበራት፥ ሰላይ ሴት አልነበራትም። ይህን ስናነብ ያችን የተቀየመችንን እኅታችንን አሰብናት። እኛም ስንቅ አቀባይ ብለን ነበር የመዘገብናት።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ከነፃነት በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1942 ዓ.ም. ዐረፉ። የሰጡት ንብረት፥ ሦስት ጊዜ እስር፥ አንድ የባሕር ማዶ ግዞት፥ በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ገላና አንድ የተሰበረ ምሽግ፥ ታሪካቸው ይህ ነው።

ዘንድሮ የሚያዝያ 27ን ትርኢት እንደገና ጽፈነዋል። የወይዘሮ ሸዋረገድን ቦታ የምትይዘው ያችው እኅታችን ናት። የምርመራውን ክፍል ስናጠና አንድ ነገር አስቸገረን፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚናገሩት ጣሊያኖቹና አስተርጓሚው ብቻ ናቸው፥ እርሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የላትም። ጸሐፊያችን ቃል ልጨምርላት ቢል እምቢ አለች። ልምምዱ ዘወትር እሑድ ከጉባኤው በኋላ ነው። አሁን የጎደሉን አሮጌ አገልግል፥ የውጅግራ ቀለህና ለጣሊያን መኮንን የሚሆን ቆብ ናቸውና በቤታችሁ ያላችሁ በሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁልን ኑ።